ጥለቱ የት ጠፋ? ዲጂታል ቪዲዮ በቢጫው ገመድ ከመውጣቱ በፊት

የታናሽ እህቴን የመልስ ቪዲዮ ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ጋ ያለው ቲቪ ያ ጀርባው ያበጠው፣ 21 ኢንቹ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል የተነጠፈበት ነው። ቪዲዮውን በፍላሽ አድርጌ ከአንዲት ትንሽ ማጫወቻ ሣጥን ጋር ይዤ ነበር። ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ ሰካሁ። ምስሉ መጣ። እልልታውም መጣ። ጥለቱ ግን አልመጣም።

እህቴ የለበሰችው የሐበሻ ቀሚስ ነጭ በነጭ ነው። ጥለቱ የተሠራው ከጨርቁ በጥቂቱ ብቻ በሚለይ ክሬም ክር ነው። ላፕቶፔ ላይ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። አክስቴ ቲቪ ላይ ግን ቀሚሱ አንድ ወጥ ነጭ አንሶላ ሆነ። ሹሩባዋም እንደዚያው። በጉንጉኖቹ መካከል ያለው መስመር ጠፍቶ ፀጉሯ ጥቁር ቆብ መሰለ። አክስቴ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩና፣ «ልጄ፣ ያን ሁሉ ብር ያወጣንበት ጥለት የታለ?» አሉኝ።

ሪሞቱን አንስቼ ኮንትራስቱን ቀነስኩ። ነጩ ግራጫ ሆነ፤ ጥለቱ አልተመለሰም። ብራይትነሱን ጨመርኩ። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፤ ሹሩባው አልተመለሰም። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቲቪ የሚያሳየው የተላከለትን ነው። ጥለቱና ሹሩባው ቲቪው ጋ ከመድረሳቸው በፊት መንገድ ላይ ቀርተዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ብዙ ሰው «ቲቪው አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል። ወይም ገመድ ይቀይራል። ሁለቱም ጥፋተኛ ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቪዲዮው ገና ቁጥር ሳለ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ከመቀየሩ በፊት ባለችው አንዲት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ካወቃችሁ ማስተካከሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እዚያ ያለፈ ስህተት ግን ከዚያ በኋላ በምንም ሪሞት አይድንም።

ጥቁር ስንት ነው? ነጭስ?

ዲጂታል ቪዲዮ የቁጥር ክምር ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ምን ያህል ብሩህ እንደሆነች የሚናገር ቁጥር አላት። በ8 ቢት ሲሆን፣ ማለትም ቁጥሩ በስምንት የ0 እና የ1 አሃዞች ሲጻፍ፣ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው «ጥቁር የትኛው ቁጥር ነው? ነጭስ?» ስንል ነው። ምክንያቱም መልሱ ሁለት ነው።

ኮምፒውተር ጥቁር 0 ነው፣ ነጭ 255 ነው ይላል። የቴሌቪዥኑ ዓለም ደግሞ ጥቁር 16 ነው፣ ነጭ 235 ነው ይላል። ይህ ሁለተኛው ልማድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ከጸደቀውና ዛሬም ምክረ ሐሳብ 601 እየተባለ ከሚጠራው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። ዲቪዲውም፣ የዲሽ ሪሲቨሩም፣ የጣቢያዎቹ መሣሪያም የሚሄዱት በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ስሰማ ብክነት መስሎኝ ነበር። 256 እርከን እያለ ለምን ከታችም ከላይም ተቆርጦ ይጣላል? አልተጣለም። ጀበና ስትጥዱ ውሃውን እስከ አፉ አትሞሉትም። ሲፈላ ይገነፍላላ። ያችን ባዶ ቦታ የምትተዉት ቡናው ሲነሳ መነሻ እንዲያገኝ ነው። ቪዲዮም እንዲሁ ነው። ምስሉ ከጥቁር ወደ ነጭ በድንገት ሲዘል፣ ለምሳሌ ከሹሩባው ወደ ነጠላው፣ ሲግናሉ በማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ ነጩን ትንሽ አልፎ ይሄድና ይመለሳል። ወደ ጥቁር ሲወርድም እንደዚያው። ከ235 በላይ እና ከ16 በታች ያለው ቦታ ለዚህ ዝላይ የተተወ ነው። ሌላም አለ። በስቱዲዮ መስመሮች ውስጥ 0 እና 255 ለምስል ጭራሽ አይፈቀዱም። እያንዳንዱ መስመር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለሚናገር ምልክት ተይዘዋል።

እንግዲህ ሁለቱም ልማድ በየቤቱ ትክክል ነው። ችግር የሚፈጠረው አንዱ በአንዱ ልማድ ጽፎ ሌላው በሌላው ልማድ ሲያነብ ነው።

ቁጥሩ ቮልት ሲሆን

ያ ባለ ጀርባ ቲቪ ቁጥር አያውቅም። የሚያውቀው ቮልቴጅ ነው። በቢጫው ገመድ ውስጥ የሚሄደው ከፍ ዝቅ የሚል ትንሽ ቮልቴጅ ነው። በኢትዮጵያም፣ በአብዛኛው አውሮፓም የተለመደው ፓል የሚባለው ሥርዓት ነው። በፓል ጥቁር 0 ሚሊቮልት ነው፤ ነጭ 700 ሚሊቮልት። ከዜሮ በታች እስከ 300 ሚሊቮልት የሚወርደው ደግሞ ቲቪው «አዲስ መስመር ጀመረ» ብሎ የሚያውቅበት ምት ነው። ላይና ታቹ ሲደመር አንድ ቮልት። በቃ፣ ያ ሁሉ ሠርግ በዚያች አንድ ቮልት ውስጥ ነው የሚሄደው።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው መቀየሪያ ቺፕ ሥራው ቁጥሩን ወስዶ ቮልት ማውጣት ነው። 16 ሲመጣለት 0 ሚሊቮልት ያወጣል። 235 ሲመጣለት 700 ያወጣል። በመካከል 219 እርከን ስላለ አንዷ እርከን 3.2 ሚሊቮልት ገደማ ናት። 128 ቢመጣለት ከ16 በ112 እርከን ይበልጣልና 358 ሚሊቮልት ይሰጣል። ቺፑ ሠርግ ይሁን ዜና አይለይም። ቁጥር ይቀበላል፣ ቮልት ያወጣል።

ከ235 በላይ የሆነ ቁጥር ሲመጣለትስ? ይህ እንደ ሣጥኑ ነው። አንዳንዱ ከ700 አሳልፎ ያወጣዋል። 255 ከሆነ 764 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። አንዳንዱ ግን 235 ላይ በቢላ ይቆርጠዋል። 236ም ይምጣ፣ 240ም ይምጣ፣ 252ም ይምጣ፣ ሁሉም 700 ሚሊቮልት ሆነው ይወጣሉ። የእኔዋ ሣጥን የምትቆርጠው ዓይነት ነበረች።

አሁን ወደ ቀሚሱ እንመለስ። ቪዲዮውን ያቀናበርኩበት ፕሮግራም ሲያስቀምጠው በኮምፒውተር ልማድ ከ0 እስከ 255 አድርጎ ነው ያስቀመጠው። የጨርቁ ነጭ 250 አካባቢ ነበር። የጥለቱ ክሬም ክር ደግሞ 240 አካባቢ። የአሥር እርከን ልዩነት ነው፣ ለዓይን ይበቃል። ላፕቶፑ በራሱ ልማድ ስላነበበው በትክክል አሳየው። ሣጥኗ ግን በቲቪ ልማድ አነበበችው። 250ውም 240ውም ከ235 በላይ ናቸው። ሁለቱም ተቆረጡ፤ ሁለቱም 700 ሚሊቮልት ሆኑ። በገመዱ ውስጥ ጨርቁና ጥለቱ አንድ ቮልቴጅ ናቸው። ኮንትራስቱን ስቀንስ ሁለቱም እኩል ቀነሱ። ከዚያ በኋላ የሚለያቸው ነገር በዓለም ላይ የለም።

ሹሩባውም በዚያው መንገድ ነው የጠፋው። የጉንጉኑ ጥላ 6 ወይም 8፣ ጉንጉኑ ራሱ 14 ነበር። ለሣጥኗ ግን ከ16 በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው በእኛ ቪዲዮ ላይ ጉዳቱ ስለሚብስ ነው። የእኛ ሠርግና መልስ ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ምስል ይይዛል። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ካባ፣ ጥቁር ፀጉር። በሻማ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀረጸ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ከመለኪያው ታችኛው ክፍል ላይ ነው የሚቀመጠው። ጥቁሩ ሲጨፈለቅ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ቅንድብ፣ ጢምና የዓይን ሥር ናቸው። የሰው ፊት ላይ ያለው መልክ ማለት እኮ እነዚህ ናቸው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ቪዲዮው በቲቪ ልማድ ከ16 እስከ 235 ተጽፎ፣ አንባቢው በኮምፒውተር ልማድ ሲያነበው ነው። ያኔ ምንም አይቆረጥም፤ ነገር ግን ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም የደከመ ይሆናል። ምስሉ ላይ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ከሁለቱ ይህኛው ይሻላል። ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። በኋላ ሊመለስ ይችላል።

እነዚህን ሁለቱን በዓይን መለየት ቀላል ነው። ነጭ ልብስ ላይ እጥፋት ካልታየ፣ ጥቁር ኮት ላይ ኪስ ካልታየ፣ ተቆርጧል። ሁሉ ነገር እየታየ ግን ምስሉ አመድ የነፋበት ከመሰለ፣ ልማዱ በተቃራኒው ተሳስቷል።

እንዴት ይስተካከላል?

ስሌቱ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር በ219 ታበዙና ለ255 ታካፍላላችሁ፤ ከዚያ 16 ትደምራላችሁ። 0 ሄዶ 16 ይሆናል። 255 ሄዶ 235 ይሆናል። የጨርቁ 250 ወደ 231 ይወርዳል፤ የጥለቱ 240 ወደ 222። በመካከላቸው አሥር የነበረው እርከን ዘጠኝ ሆነ። ተጠጋጉ እንጂ አልተዋሐዱም። ሁለቱም ከ235 በታች ስለሆኑ ቺፑ አይቆርጣቸውም። አንዱ በ687 ሚሊቮልት፣ ሌላው በ658 ሚሊቮልት ገመዱን ይሻገራል። ያቺ የ29 ሚሊቮልት ልዩነት ናት ጥለቱ።

በእጅ አታሰሉትም። የማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ሲያስቀምጡ «ፉል» ወይስ «ሊሚትድ» ብለው የሚጠይቁበት ቦታ አላቸው። ፉል የኮምፒውተሩ ልማድ ነው፣ ሊሚትድ የቲቪው። ብዙ ማጫወቻዎችና የኤችዲኤምአይ መውጫዎችም ሴቲንጋቸው ውስጥ ይህንኑ ይጠይቃሉ። ኤችዲኤምአይን ወደ ባለ ሦስት ገመዱ የምትቀይረውን ትንሿን ሣጥን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ላፕቶፑን ወደ ሊሚትድ ማዞር ብቻውን ነገሩን ሊጨርስ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ማስተካከያ በአንድ ቦታ ብቻ አድርጉ። ፋይሉን ሊሚትድ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁ፣ ላፕቶፑ ደግሞ ፉል መስሎት እንደገና ቢያጠብበው፣ ጥቁሩ 16 መሆኑ ቀርቶ 30 ይሆናል፤ ነጩም 235 መሆኑ ቀርቶ 218። በገመዱ ላይ ጥቁሩ ከ0 ወደ 45 ሚሊቮልት ይነሳል፣ ነጩ ወደ 646 ይወርዳል። ያ ጭጋጋም ምስል ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጥና ቲቪው ላይ ኮንትራስት መጨመር ይጀምራል። ከዚያ ማን ምን እንዳስተካከለ የሚያውቅ ይጠፋል። መጀመሪያ የቲቪውን ሴቲንግ ሁሉ ወደ መሃል መልሱት። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ሂዱ።

ማስተካከሉ በነፃ የሚገኝ አይደለም። 256 እርከንን 220 ውስጥ ስትከቱ 36 ያህሉ ከጎረቤታቸው ጋር ይዋሐዳሉ። መልሳችሁ ስትዘረጉት ደግሞ 36 ያህል ቦታ ባዶ ይሆናል። አንዴ ቢደረግ ዓይን አያየውም። ሦስቴ አራቴ ሲደጋገም ግን ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የምሽት ሰማይ ወይም የአዳራሽ መጋረጃ ላይ፣ እንደ ደረጃ የተደረደሩ መስመሮች ይወጣሉ። ለዚህ ነው ሙያተኞቹ ስሌቱን በ10 ቢት መሥራት የሚመርጡት። በ10 ቢት ጥቁር 64፣ ነጭ 940 ነው። እርከኖቹ አራት እጥፍ ስለሚበዙ ቢጠጋጉም አይታወቅባቸውም። ፕሮግራማችሁ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ አብሩት፤ ወደ 8 ቢት የሚወርደው የመጨረሻዋ ላይ ብቻ ይሁን።

ቅደም ተከተሉ

ከልማዱ ሌላ ምስሉ ራሱ ሊጨልም ወይም ሊነጣ ይችላል። ያኔ ብራይትነስ፣ ኮንትራስትና የቀለም ጥልቀት በእጅ ይስተካከላሉ። ይህንንም ገና ቁጥር ሳለ መሥራት ይሻላል። በቮልት ዓለም ማስተካከያው በመዞሪያ ነው፤ መሣሪያው ሲሞቅ መዞሪያው ያስቀመጣችሁበት አይገኝም። ቁጥር ግን ዛሬ 1.1 ካላችሁት ነገም 1.1 ነው።

መጀመሪያ ጥቁሩን ቦታው አስቀምጡ። ቀጥሎ ነጩን። ቀለም መጨረሻ ላይ። ምክንያቱ ይኼ ነው። ኮንትራስት ማባዛት ነው፣ ብራይትነስ መደመር ነው። ሳትጠነቀቁ ብታባዙት 16 በ1.2 ተባዝቶ 19 ይሆናል። ነጩን እያስተካከላችሁ ጥቁሩ ከቦታው ተነሳ። ደህና የተሠራ ፕሮግራም ከማባዛቱ በፊት 16 ይቀንሳል፣ ካባዛ በኋላ 16 ይመልሳል። ያኔ ጥቁሩ እንደተቸነከረ ይቆያል፣ ሌላው ብቻ ይዘረጋል።

ቀለም ላይ ይህ ነገር ይብሳል። ቀለሙን የሚይዙት ሁለት ቁጥሮች ከ16 እስከ 240 ነው የሚሄዱት፤ ቀለም የለሽ የሚባለው ቦታ መሃሉ፣ 128 ነው። ቀለም ለማጉላት 128 ቀንሶ፣ አባዝቶ፣ 128 መመለስ ያስፈልጋል። 128ን ረስቶ በቀጥታ የሚያባዛ ሰው ምስሉ በሙሉ ወይን ጠጅ ይሆንበታል። ቢያሳንሰው ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ የተበላሸ ቪዲዮ ስትከፍቱ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ የምታዩት የዚህ ዘመድ ነው። የቀለሙ ቁጥር ሳይደርስ ቀርቶ ዜሮ ተደርጎ ሲነበብ ያ መልክ ይመጣል።

ቢጫ ለብቻው

አሁን የምለው ነገር ብዙ አቀናባሪ የማያውቀው ነው፤ እኔም ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ሁሉም ቁጥር በድንበሩ ውስጥ ሆኖ የሚወጣው ቮልቴጅ ግን ከድንበር ሊያልፍ ይችላል።

በቢጫው ገመድ ውስጥ ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ሽቦ ነው የሚሄዱት። ቀለሙ በብርሃኑ ላይ እንደ ማዕበል ተጭኖ ይወዛወዛል። ቀለሙ በጠነከረ ቁጥር ማዕበሉ ይተልቃል። ብርሃኑም ከፍ ብሎ ቀለሙም ከጠነከረ የማዕበሉ ጫፍ ከ700 ሚሊቮልት አልፎ ይወጣል። ከቀለም ሁሉ ይህን በይበልጥ የሚያደርገው ቢጫ ነው፤ ሲያን የሚባለው ሰማያዊ መሳይ ቀለምም እኩል ይሄዳል። ፍጹም ደማቅ ቢጫ፣ በኮምፒውተር የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥሩ 255፣ 255፣ 0 የሆነው፣ ጫፉ 933 ሚሊቮልት ይደርሳል። ፍጹም ደማቅ ሰማያዊ ደግሞ በተቃራኒው ከጥቁር በታች 233 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ መስመር መጀመሪያውን ወደሚናገረው ምት ይጠጋል ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ቢጫ እንወዳለን። የባንዲራችን መሃል ቢጫ ነው፤ የቪዲዮ ርዕስም በቢጫ መጻፍ የቆየ ልማዳችን ነው። የቆየ ቲቪ በአንቴና ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ደማቅ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ድምፁ ዝዝዝ ይል ነበር። ጽሑፉ ሲሄድ ዝዝዝታውም ይሄዳል። የዚያ ምክንያት ይኼው ነው። በአየር ላይ ስርጭት ምስሉ በደመቀ ቁጥር ተሸካሚው ሞገድ ያንሳል። ሲግናሉ ከመጠን ሲያልፍ ሞገዱ ሊጠፋ ይደርሳል። ድምፁን ለይቶ ለማውጣት የቲቪው መቀበያ ያን ሞገድ ይፈልገዋል፤ ሞገዱ ብልጭ ድርግም ሲል ድምፁ ውስጥ ዝዝታ ይገባል። ጣቢያዎች ቪዲዮ ሲቀበሉ ደረጃው በመሣሪያ ተለክቶ ይምጣ የሚሉት ለክፋት አልነበረም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለቢጫው ገመድ በምታዘጋጁት ቪዲዮ ላይ ደማቅ ቀለሞችን ሦስት አራተኛ ላይ ግቱ። ቢጫውን 255፣ 255፣ 0 ከማድረግ 191፣ 191፣ 0 አድርጉት። የ933 ሦስት አራተኛ 700 ነው። ልክ ድንበሩ ላይ ያርፋል። የድሮዎቹ የቀለም ማሳያ ዘንጎች በሦስት አራተኛ ጥንካሬ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ላፕቶፕ ላይ ስታዩት ቢጫው የደበዘዘ ይመስላችኋል፤ ቲቪው ላይ ሲወጣ ግን ጫፉ አይንቀጠቀጥም፣ ወደ ጎን አይፈስም።

አሜሪካ የሚሄድ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ

ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ያለው የቆየ ቲቪ ፓል አይደለም፤ ኤንቲኤስሲ ነው። ካሴት ወዲህና ወዲያ ስንላላክ የከረምን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። የአሜሪካው ሥርዓት በደረጃም ይለያል። ነጩ 714 ሚሊቮልት ነው። ጥቁሩ ደግሞ ዜሮ ላይ አይቀመጥም፤ 54 ሚሊቮልት ገደማ ከፍ ይላል። የጃፓኑ ኤንቲኤስሲ ግን ይህ ከፍታ የለውም፤ ጥቁሩ ዜሮ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው «አሜሪካ ጥቁሩ ከፍ ይላልና እኔም ቁጥሩን ከፍ ላድርገው» ብሎ ነው። አታድርጉት። በቲቪው ልማድ ቁጥሩ ላይ ጥቁር ሁልጊዜ 16 ነው፤ ለአዲስ አበባም ለዋሽንግተንም። 54ቱን ሚሊቮልት የሚጨምረው መቀየሪያ ቺፑ ነው። እናንተም ከጨመራችሁ ሁለቴ ተጨመረ፤ ጥቁር ልብስ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። አንዳንድ ማጫወቻ በሴቲንጉ ውስጥ ይህን ከፍታ ማብራትና ማጥፋት ይፈቅዳል። ማስተካከል ካለባችሁ እዚያ ነው።

በቁጥር የማይድን በሽታ

አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ከአንድ ሪሲቨር ሁለት ቲቪ ለማስኬድ ቢጫውን ገመድ በመንታ ሶኬት ከፍሎታል። ሁለቱም ቲቪ ጨልሟል። ብራይትነሱን እስከ ጥግ ጨምሮታል፤ ኳሱ ያለበት ሜዳ ግን አሁንም የመሸበት ይመስላል።

የቪዲዮ መውጫ የሚሠራው በሌላው ጫፍ 75 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የሆነ አንድ መሣሪያ ይጠብቀኛል ብሎ ነው። ሁለት ቲቪ ሲሰኩበት 75 መሆኑ ቀርቶ 37.5 ኦም ይሆናል፤ ቮልቴጁም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። 700 የነበረው ነጭ 467 ሚሊቮልት ገደማ ላይ ይቀራል። ቲቪው በራሱ ለማካካስ ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም።

ይህን ቁጥሩን በ1.5 በማባዛት ማዳን የሚቻል ይመስላል። አይቻልም። በ1.5 ሲባዛ ከ162 በላይ የነበረው ሁሉ 235ን ያልፋል፤ ያልፋል ማለት ይቆረጣል። ጨለማውን ሸሽታችሁ ጥለቱን ታጣላችሁ። ከቺፑ በኋላ የመጣ ችግር መፍትሔውም ከቺፑ በኋላ ነው። ሲግናሉን አጉልቶ ለብዙ ቲቪ የሚያከፋፍል መሣሪያ አለ፤ እሱን ማስገባት ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ መንታ ሶኬቱን ነቅለን አንዱን ቲቪ ብቻ ስንሰካው ሜዳው ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ሪሞቱን የነካው ሰው የለም።

ቤት ውስጥ መፈተሻ

መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በአንድ ሥዕል ሊፈትሽ ይችላል። በማንኛውም ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ጥቁር ገጽ ላይ አራት ጎን ለጎን የሆኑ ዘንጎች ሥሩ፦ 0፣ 8፣ 16፣ 24። ከሥራቸው ነጭ ገጽ ላይ ሌላ አራት፦ 225፣ 235፣ 245፣ 255። ሥዕሉን ልክ እንደ ቪዲዮው አድርጋችሁ፣ በዚያው ፕሮግራም አስቀምጣችሁ፣ በዚያው ሣጥንና በዚያው ገመድ አጫውቱት። ክፍሉን ጨለም አድርጉት፤ ከመስኮት የሚመጣ ብርሃን የጥቁሩን ልዩነት ይበላዋል።

ስምንቱም ዘንግ በጭንቅም ቢሆን ተለያይተው ከታዩ መንገዱ ደህና ነው። 0፣ 8 እና 16 አንድ ከሆኑ፣ 235፣ 245 እና 255ም አንድ ከሆኑ፣ ፉል የተጻፈው እንደ ሊሚትድ እየተነበበ ነው። ስምንቱም እየታዩ 0 ራሱ ግራጫ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ ሁለቴ ተጠብቧል። ነጮቹ ብቻ ከጠፉና ጥቁሮቹ ደህና ከሆኑ ደግሞ ልማዱ አይደለም፤ አንድ ሰው ኮንትራስት ጨምሮ ረስቶታል።

ያን ቀን አክስቴ ቤት ይህን ሥዕል ሠራሁ። ሦስቱ ጥቁሮች አንድ ሆነው፣ ሦስቱ ነጮችም አንድ ሆነው ወጡ። ላፕቶፑን ከፍቼ ቪዲዮውን ሊሚትድ አድርጌ እንደገና ማስቀመጥ ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። አክስቴ እስከዚያ ቡና አፈሉ።

ፍላሹን መልሼ ስሰካ እህቴ ከመኪና ስትወርድ ነበር። ነጠላዋን እያስተካከለች። አክስቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው ተነሱና ስክሪኑ ጋ ቀረቡ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከእጅጌው እስከ ጫፉ ተከተሉት። «ይኸው መስቀሉ፣ ይኸው ሐረጉ» አሉ። ከዚያ ወደ ሹሩባው ሄዱና ጉንጉኑን መቁጠር ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ፋይል አላጠፋሁትም። ለላፕቶፕና ለስልክ እሱ ነው ትክክለኛው። አሁን ሁለት ቅጂ አለኝ፤ አንዱ «ለላፕቶፕ» ይላል፣ ሌላው «ለአክስቴ ቲቪ»።